ቀላል ስንቅ ለረጅም የእግር ጉዞ፦ ለስሜን ተራሮች የስድስት ቀን ምግብ እንዴት ይዘጋጃል?

ወደ ስሜን ተራሮች በእግር ለመጓዝ የሚነሱ ወጣቶች ከጎንደር ገበያ ምን ሸምተው እንደሚሄዱ ማየት ያሳዝነኛል። ፓስታ፣ ሩዝ፣ የታሸገ ዓሣ፣ ድንች፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲም። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ክብደት ውሃና ቆርቆሮ ነው። ፓስታና ሩዙ ቀለል ቢልም ከፍታ ላይ አልበስል ብሎ ነዳጅ ይጨርሳል። ሌሎች ደግሞ ከውጭ አገር የሚመጣውን፣ በከረጢት የታሸገውን የተራራ ምግብ ፍለጋ ይደክማሉ፤ እርሱም ውድ ነው፣ አገር ውስጥም እንደ ልብ አይገኝም።

የሚያስፈልገን ነገር ግን በየባልትና ቤቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣና ሽሮ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው እንዲሸከማቸው ታስበው የተሠሩ ምግቦች ናቸው። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ የዘመተው ሠራዊት ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የሄደው ከየቤቱ ደረቅ ስንቅ ይዞ ነው። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ፦ ከእሳት ጋር ያላቸው ዋና ጉዳይ ቤት ውስጥ አልቋል። ተቆልተዋል፣ ተጋግረዋል ወይም ደርቀዋል። ተራራ ላይ የሚጠብቁት ውሃ፣ ቢበዛም የጥቂት ደቂቃ ፍላት ነው፤ አንዳንዶቹ ያንንም አይፈልጉም። የዚህ መመሪያ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው፤ ሥራውን ቤት ይጨርሱ፣ ተራራው ላይ ያርጥቡና ይብሉ።

ደረጃ 1፦ መንገዱን በቀን ይከፋፍሉ

ምግብ የሚታቀደው በቀን ብዛት ብቻ አይደለም፤ የእያንዳንዱን ቀን ድካም ማወቅ ያስፈልጋል። እዚህ የምንይዘው ምሳሌ ከደባርቅ ተነስቶ ራስ ዳሸን ወጥቶ የሚመለሰውን የስድስት ቀን ጉዞ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሳንቃበር ያድራሉ፤ ከፍታው 3,250 ሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛው ቀን ግጭ፣ ሦስተኛው በእሜት ጎጎ በኩል ጨነቅ ያደርሳል፤ ሁለቱም ሰፈሮች 3,600 ሜትር አካባቢ ናቸው። በአራተኛው ቀን በቧሂት ትከሻ ተሻግረው ወደ አምቢቆ ይወርዳሉ። አምስተኛው ቀን ከሁሉም የከበደው ነው፤ ሳይነጋ ተነስተው ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነውን ራስ ዳሸንን ወጥተው ማታ አምቢቆ ይመለሳሉ። በስድስተኛው ቀን ወደ ጨነቅ ተመልሰው መኪና ይይዛሉ።

ይህ አከፋፈል ሁለት ነገር ይነግርዎታል። አንደኛ፣ በአምስተኛው ቀን ንጋት ላይ በብርድ ምድጃ የሚያቀጣጥል ሰው የለም፤ የዚያን ቀን ቁርስ ሳይሞቅ የሚበላ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ መንገድ ላይ እገዛለሁ ማለት አይቻልም። የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። አምቢቆ ላይ እንቁላል ወይም ዳቦ ቢገኝ መልካም ዕድል ነው እንጂ ዕቅድ ሊሆን አይችልም።

ሌላም አለ። ፓርኩ ውስጥ መሣሪያ የያዘ ስካውት አብሮዎት ይሄዳል። የራሱን ስንቅ ይዞ እንደሚመጣ ወይም ከእርስዎ ጋር እንደሚበላ ደባርቅ ላይ ሳሉ ይጠይቁት። ምንም ቢመልስልዎት እኔ የእርሱን እራት ጨምሬ ማሰቡን እመክራለሁ። ከጎኑ ሰው ተቀምጦ እያለ ብቻውን የሚበላ ሰው በአገራችን የለም፤ የአንድ ሰው ድርሻ ለሁለት ሲካፈል ደግሞ በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ይራባሉ።

ጉዞው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ደረቅ ወቅት ቢሆን ይመረጣል። ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ፣ የፓርኩንም ክፍት መሆን ያረጋግጡ።

ደረጃ 2፦ ክብደቱን ከኃይሉ ጋር ያመዛዝኑ

ቀኑን ሙሉ ሸክም ይዞ ዳገት የሚወጣ ሰው እንደ ሰውነቱና እንደ መንገዱ በቀን ከ2,500 እስከ 4,000 ካሎሪ ያስፈልገዋል። ለመነሻ 3,000 ገደማ ብለን እንያዝ። ጥያቄው ይህን ያህል ኃይል በስንት ግራም መሸከም ይቻላል የሚል ነው።

አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ይሰጣል፤ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን ግን 4 ብቻ። ስለዚህ መቶ ግራም ንጥር ቅቤ 880 ካሎሪ ገደማ አለው፤ መቶ ግራም ለውዝ 570፣ በሶና ድርቆሽ 350 አካባቢ። መቶ ግራም ቲማቲም ግን ወደ 18 ካሎሪ ብቻ ነው። ትኩስ እንጀራም ቢሆን ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ በዚያ ላይ በጥቂት ቀን ይሻግታል።

ግብዎ የያዙት ምግብ በአማካይ በመቶ ግራም ከ400 ካሎሪ በላይ እንዲሆን ነው። በሶና ድርቆሽ ብቻቸውን እዚህ አይደርሱም፤ ከፍ የሚያደርጋቸው ቅቤ፣ ዘይት፣ ለውዝ፣ ሱፍና ኑግ ነው። ሸክም መቀነስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ስብ መጨመር አለበት። ይህን ብዙ ሰው በተቃራኒው ያስበዋል።

ካልተለመደ ከፍታ ላይ የምግብ ፍላጎት እንደሚቀንስም አይርሱ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቅባት የበዛበት ነገር ሊያስጠላ ይችላል። ለእነዚያ ቀናት ቆሎውን፣ ዳቦ ቆሎውንና ጣፋጭ በሶውን ያስቀድሙ፤ ጭኮው ሰውነት ሲለምድ ይደርሳል።

ደረጃ 3፦ ቤት ውስጥ ያዘጋጁ

ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ይጀምሩ። ጊዜውን የሚፈጀው ማድረቁ ነው።

*በሶ።* ገብሱ ተፈትጎ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ የሚገኝ ስለሆነ ከታመነ ባልትና ቤት ቢገዙ በቂ ነው። ሲገዙ ግን ያሽትቱት፤ የቆየ በሶ የመሻገት ጠረን አለው፣ አዲሱ ግን የቆሎ ሽታውን አይለቅም። ለቁርስ የሚሆነውን በየቀኑ 120 ግራም እየመዘኑ ከጥቂት ጨውና ከ20 ግራም ስኳር ጋር አስቀድመው ይቀላቅሉት። ጠዋት ፍል ውሃና አንድ ማንኪያ ቅቤ ጨምረው ሲያማስሉት እንደ ቀጭን ገንፎ ይሆናል። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ቢጠጡትም ያው ምግብ ነው።

*ጭኮ።* ለእኔ ከተራራ ስንቆች ሁሉ አንደኛው ይህ ነው። ሁለት እጅ በሶና አንድ እጅ ንጥር ቅቤ በሚዛን ይለኩ። ቅቤውን አቅልጠው ለብ ሲል ከጨውና ከተፈጨ ኮረሪማ ጋር በሶው ላይ ጥቂት በጥቂት እያፈሰሱ እስኪያያዝ ድረስ ያሹት። ቅቤው በደንብ የተነጠረ መሆን አለበት፤ በውስጡ ውሃ ከቀረ ጭኮው ይበላሻል። በዚሁ ምክንያት እጅዎም ዕቃውም ደረቅ ይሁን። ከዚያ በቀን 120 ግራም እየቆረጡ ለየብቻው ይጠቅልሉት። ቆርጦ መጠቅለሉን ቀላል ነገር አድርገው አይዩት። ግጭ ላይ ሌሊቱ ውሃ እስኪረጋ ይበርዳል፣ ቅቤውም ስለሚጠጥር ትልቁን ክምር ጠዋት በቢላዋ መቁረጥ አስቸጋሪ ነው። የምሳውን ቁራጭ ከውስጥ ኪስዎ ቢይዙት እስከ ቀትር ለስልሶ ይጠብቅዎታል። ለራስ ዳሸን ንጋትም ከዚህ የተሻለ ቁርስ የለም።

*ድርቆሽ።* ሳሳ ያለ እንጀራ ይምረጡ። በእጅ ቆራርሰው ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግተው ፀሐይ ላይ ያድርቁት፤ ዝናባማ ከሆነ ወይም ፀሐይ በማይገባበት ቤት የሚኖሩ ከሆነ በዝቅተኛ ሙቀት ምድጃ ውስጥ ይሆናል። መድረቁን የሚለዩት በመታጠፉ ነው፤ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረና ከታጠፈ ገና ነው። አንድ ያልደረቀ ቁራጭ የከረጢቱን ሁሉ ሊያሻግት ይችላል። ድርቆሽ ቀላል ቢሆንም ቦታ ስለሚይዝ ከደረቀ በኋላ አድቅቀው ይሰባብሩት። ከአንድ መካከለኛ እንጀራ የሚወጣው ድርቆሽ 120 ግራም ገደማ ስለሆነ ለአንድ ሰው እራት ይበቃል።

*ቋንጣ።* ሥጋው ጮማ የሌለበት ይሁን፤ ስብ አይደርቅም፣ ቶሎም ይበላሻል። በረጅሙ ዘልዝለው በጨው፣ በበርበሬና በቁንዶ በርበሬ አሽተው ነፋስ በሚገባበትና ዝንብ በማይደርስበት ቦታ ይስቀሉት። ሲታጠፍ መሰበር ሲጀምር ያውርዱት፤ ከዚያም ብረት ምጣድ ላይ በደንብ አመስ አመስ አድርገው በሙቀጫ ይውቀጡት። ተራራ ላይ ሙሉ ቋንጣ ለማለስለስ የሚበቃ ነዳጅ የለዎትም፤ የተወቀጠው ግን ሽሮው ውስጥ ገብቶ ለጥቂት ደቂቃ ሲፈላ ይለሰልሳል። ግማሽ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ሲደርቅ ለስድስት ቀን የሚሆን 150 ግራም ያህል ይወጣዋል።

*ሽሮ።* ምጥን ሽሮ በርበሬውም ቅመሙም ውስጡ ስላለ ለመንገድ ይመቻል። በየእራቱ 70 ግራም መዝነው ከደረቀና ከተፈጨ ሽንኩርት ጋር በየከረጢቱ ያድርጉት። ሽንኩርቱን በቀጭኑ ከትፈው እንደ ድርቆሹ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ይቻላል። ትኩስ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን አይጫኑ፤ በክብደታቸው ልክ ኃይል አይሰጡም።

*ቆሎና ተልባ።* ገብስ፣ ሽምብራና ሱፍ ቆሎውን ከለውዝ ጋር እኩል በእኩል ይቀላቅሉ። ተልባውን ቆልተው ፈጭተው በትንሽ ዕቃ ይያዙ። ደረቅና የተቆላ ነገር ብቻ ለቀናት ሲበላ ሆድ ይደርቃል፤ ማታ ማታ አንድ ማንኪያ ተልባ በውሃ በጥብጦ መጠጣት ይህን ያስቀራል። እናቶቻችን ያወቁት ይህ ነገር በብዙ የጉዞ ምክር ውስጥ መዘለሉ ይገርመኛል።

የሚጾሙ ከሆነ ቅቤው በዘይት ይተካል፣ ቋንጣው ቀርቶ ለውዝና ሰሊጥ ይጨመራል። በጭኮ ፋንታ በሶውን ከለውዝ ቅቤና ከተፈጨ ቴምር ጋር አሽተው ቢያድበለብሉት ያን ያህል ኃይል አለው፣ በብርድም አይጠጥርም። ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ሰው የጾሙን ከረጢቶች አስቀድሞ ይለይ። በዐቢይ ጾም እስከ ከሰዓት በኋላ ምግብ የማይቀምስ ሰው ግን ራስ ዳሸንን ለሌላ ጊዜ ቢያቆየው እመርጣለሁ፤ እዚያ ዳገት ላይ ባዶ ሆድ አደገኛ ነው።

ደረጃ 4፦ የቀን ድርሻውን ይወስኑ

ለአንድ ሰው የአንድ ቀን ምግብ ይህን ይመስላል፦

- ቁርስ፦ በሶ 120 ግራም፣ ስኳር 20 ግራም፣ ንጥር ቅቤ 20 ግራም
- መንገድ ላይ፦ ቆሎ 60 ግራም፣ ለውዝ 60 ግራም፣ ዳቦ ቆሎ 60 ግራም
- ምሳ፦ ጭኮ 120 ግራም
- እራት፦ ሽሮ 70 ግራም፣ ድርቆሽ 120 ግራም፣ የተወቀጠ ቋንጣ 25 ግራም፣ ዘይት 20 ግራም
- ለሻይ ስኳር 30 ግራም፣ ተልባ 15 ግራም

ድምሩ 740 ግራም ነው፤ ከ3,000 ካሎሪ ትንሽ ይበልጣል። ለስድስት ቀን 4.4 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ቁርስና እራት በስድስት ቢባዙም ጉዞው አምስት ሌሊት ብቻ ስለሆነ፣ የመጀመሪያውንም ቁርስ ደባርቅ ስለሚበሉ፣ አንድ ቁርስና አንድ እራት ይተርፋሉ። ይህ የመጠባበቂያ ስንቅዎ ነው። ጭጋግ ወርዶ ሰፈር ላይ አንድ ቀን ቢያቆይዎት የሚበሉት እርሱን ስለሆነ፣ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ አይነካ።

ሰውነቱ ገዘፍ ያለ ወይም ብዙ የሚበላ ሰው ለውዙንና ጭኮውን ይጨምር፤ የሽሮውን መጠን ከፍ ማድረግ ብዙ ለውጥ አያመጣም። ለልዩነት ሲባል ብዙ ዓይነት መያዝም አያስፈልግም። ከአንድ ቀን ወደ ሌላው ጣዕሙን ለመለወጥ ትንሽ ሚጥሚጣና ኮረሪማ በቂ ናቸው።

ደረጃ 5፦ ውሃና ነዳጅ

በየ300 ሜትሩ ከፍታ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ጨነቅ ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ነው። ምስርና ባቄላ እዚያ ለሰዓታት ቢንተከተኩም በደንብ አይበስሉም፤ ሽሮ ግን እህሉ አስቀድሞ ስለተቆላና ስለደቀቀ በጥቂት ደቂቃ ይደርሳል።

እራቱ በአንድ ድስት ያልቃል። ከሽሮው አምስት እጥፍ ገደማ ውሃ ከዘይቱ፣ ከቋንጣውና ከሽንኩርቱ ጋር ያፍሉ፤ ሽሮውን እየነሰነሱ ያማስሉ። ሲንተከተክ ጥቂት ውሃ ጨምረው ቀጠን ያድርጉትና ድርቆሹን ከተው እሳቱን ያጥፉ። ድስቱን ከድነው በሹራብ ጠቅልለው አሥር ደቂቃ ይተዉት፤ ያለ ነዳጅ ይርሳል።

ምድጃዎ ደባርቅ ወይም ጎንደር ላይ በሚገኝ ነዳጅ የሚሠራ ይሁን። ነጭ ጋዝ የሚያነድ ትንሽ ምድጃ አስተማማኝ ነው። የጋዝ ቆርቆሮ በአውሮፕላን መጫን ስለማይፈቀድ ከአዲስ አበባ የሚበር ሰው ቀድሞ ያስብበት። ምን ያህል ነዳጅ እንደሚበቃ ቤትዎ ይለኩ፦ አንድ እራት ከማብሰልዎ በፊትና በኋላ ምድጃውን ይመዝኑና ለነፋሱና ለብርዱ ግማሹን ያክሉ። እንጨት ለቅሞ ማንደድን በፍጹም አያስቡ። አስታውና ጅባራው በዚያ ብርድ በስንት ዓመት እንዳደገ የሚያስብ ሰው ለአንድ ድስት ሽሮ አይቆርጠውም።

ደረቅ ስንቅ ውሃ ይጠጣል። ከሰፈር ሲነሱ ቢያንስ ሁለት ሊትር ይያዙ። ከምንጭና ከወንዝ የሚቀዳው ውሃ ከብት የሚውልበት ስለሆነ ሳይታከም አይጠጣ፤ በዚህ ከፍታ ውሃው ለሦስት ደቂቃ ይፍላ፣ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ የክሎሪን መድኃኒት በመያዣው ላይ በተጻፈው መጠን ያክሙትና ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። በሶ የሚበጠበጥበት ውሃም ያው የታከመው መሆን አለበት፤ ቀዝቃዛ በሶ ጀርም አይገድልም።

ደረጃ 6፦ ማሸግ

የእያንዳንዱን ቀን ምግብ በአንድ ከረጢት አድርገው ቀኑን ይጻፉበት። ሁሉን በአንድ ላይ የጫነ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሳያስበው የሦስተኛውን ቀን ለውዝ ይጨርሳል። የዕለቱ ቆሎና ጭኮ እጅ በሚደርስበት ኪስ፣ የመጨረሻዎቹ ቀናት ከታች ይሁኑ። ቅቤና ዘይት ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ፕላስቲክ ዕቃ ገብተው በሁለተኛ ከረጢት ይታሸጉ። ሰፈር ላይ ምግብ ክፍት አይተዉ፤ ጭላዳም ቁራም አይጥም ይመጣል። የተጠቀሙበትን ከረጢት ሁሉ ይዘው ይመለሱ።

በቅሎ ለመከራየት ያሰቡም ቢሆኑ ይህ ሁሉ ይጠቅምዎታል። ሸክሙ ሲያንስ የበቅሎ ቁጥር ይቀንሳል፤ በቅሎዋ ብትዘገይም የዕለቱ ምግብ ከእርስዎ ጋር ነው።

ይህን ስንቅ በሌላ አገር ተራሮች ላይ ለመያዝ የሚፈልጉ በውጭ የሚኖሩ ወገኖች አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ቋንጣ ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ማስገባት አይፈቀድም፤ እዚያው በተገዛ ሥጋ ያዘጋጁት። እንደ ዮሰሚቲ ባሉ ፓርኮች ምግብ ድብ በማይከፍተው ጠንካራ ዕቃ ውስጥ መቀመጥ ስላለበት የሚያሳስበው ቦታው ነው። እዚያ ድርቆሹን ቀንሰው ጭኮውን ይጨምሩ፤ ታጭቆ የሚገባ ነውና።

ደረጃ 7፦ አንድ ቀን ይሞክሩት

ከጉዞው በፊት ባለው ቅዳሜ ወይም እሑድ ሻንጣዎን ተሸክመው እንጦጦ ወይም በአቅራቢያዎ ያለ ተራራ ይውጡ፤ ከጠዋት እስከ ማታም ከላይ የተዘረዘረውን ብቻ ይብሉ። ሽሮው ስንት ውሃ እንደፈለገ፣ ጭኮው ጨው እንደበዛበት ወይም እንዳነሰው፣ ቆሎው ከመቼ በኋላ እንዳስጠላዎት ያን ቀን ይታወቃል። ማታ የተረፈውን ይመዝኑ። ለውዝ ተርፎ ዳቦ ቆሎ ካለቀ በዚያው ልክ ያቀያይሩ፤ ከዚያ በኋላ የስድስቱን ቀን ከረጢቶች ያሽጉ።